በስሜ ሽማግሌ እንዳይላክ

ይድረስ ለአባቴ፣ ሱሐር ከተማ

ዒድ ባለፈ ማግስት፣ እሁድ ሸዋል ስድስት፣ ለጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል የደም ባንኩ ኮምፒውተሮች በሙሉ ቀጥ አሉ። አልጠፉም። ስክሪኑ በርቶ፣ ትንሿ ክብ ምልክት መሽከርከሯን ቀጥላ፣ መልስ የሚባል ነገር ግን አልመጣም። በዚያው ደቂቃ ዘርቃ ከተማ አንዲት ሴት ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎ፣ ነርሷ ኦ ኔጌቲቭ የሆኑ ለጋሾችን ስልክ ከመዝገቡ እየፈለገች ነበር። ዝርዝሩ የደረሳት ከአርባ ሰባት ደቂቃ በኋላ ነው። አባቴ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በዚህ የጀመርኩት ያስተማሩኝ ሥርዓት ጠፍቶብኝ አይደለም። ይህን ሳልናገር ስለ ጤናዎ ብጠይቅ ጥያቄዬ ከአንገት በላይ ይመስልብኛል ብዬ ነው።

አሁን እንዴት ሰነበቱ ልበልዎት። ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ክፍሉን ወደ ምድር ቤት አወረዱልዎት ወይስ አሁንም ያን ሁሉ ደረጃ በቀን አራት ጊዜ ይወጣሉ? የስኳር መድኃኒትዎን ጊዜ ጠብቀው ይወስዳሉ? የሱሐር ሙቀት ከአሁኑ እንዲህ ከሆነ በጋው እንዴት ሊያደርግዎት ነው? ዒድን ከግብፃዊው የፊዚክስ መምህር ቤተሰብ ጋር እንዳሳለፉ አጎቴ ሚስባህ ሲነግረኝ ልቤ አረፈ፤ ብቻዎን ቁርስ የሚበሉ እየመሰለኝ ተጨንቄ ነበር። እኔ በአካል ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። በሩ ሲንኳኳ ግን በመስኮት ሳላይ አልከፍትም።

ያልደወልኩልዎት ስልኬን የምሠራበት ኩባንያ ስለወሰደው ነው። በአጎቴ ስልክ ስንነጋገር ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከጎኔ ይቀመጣል። ማክሰኞ ዕለት «ደህና ነኝ፣ ትንሽ የሥራ ጣጣ ነው» ያልኩዎት ለዚህ ነው። ይህን የምጽፈው ጣሪያው ላይ፣ የውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። የአጎቴ ሚስት ነጅላ ልብስ ላሰጣ የወጣሁ መስሏታል። ጎረቤታችን ኡም ሰይፍ ሰኞ እዚያው ሱሐር ወዳለው ልጇ ትመጣለች፤ በእጇ ታደርስልዎታለች። ምን እንደያዘች አታውቅምና እባክዎ አይንገሯት።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ ሁልጊዜ «ኮምፒውተር ነው» ብዬ አልፍ ነበር። እርስዎ የሒሳብ መምህር ነዎት፣ ዛሬ በደንብ ላስረዳዎት። ኩባንያችን በሚያስተዳድረው የደም ባንኩ መዝገብ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ከመቶ ሺህ ለጋሾች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ። ነርሷ «ዘርቃ የሚኖር፣ ኦ ኔጌቲቭ የሆነ፣ ከለገሰ ሦስት ወር ያለፈው ማን አለ?» ብላ ስትጠይቅ፣ ማሽኑ ማውጫ ከሌለው ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ያነባል። ማውጫ ካለው ግን፣ እርስዎ የመጽሐፉን ጀርባ አይተው ገጹን በቀጥታ እንደሚገልጡት ሁሉ፣ ዓይን እስኪጨፈን ድረስ እንኳ አይቆይም። ታዲያ ለሁሉም ነገር ማውጫ ለምን አይሠራም ይሉኛል። እያንዳንዱ ማውጫ ቦታ ይይዛል፤ አዲስ ሰው በተመዘገበ ቁጥርም አብሮ መታረም አለበት። ሲበዛ መዝገቡን ያንቀራፍፈዋል። የትኛው እንደሚጠቅም፣ የትኛው ዝም ብሎ ቦታ እንዳጣበበ መለየት የዓመታት ልምድ ይጠይቃል።

ያንን የሚለይ ፕሮግራም እኔ ጻፍኩ። ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ሰዎች መዝገቡን የሚጠይቁትን ጥያቄ ሁሉ ይከታተላል፤ የትኛው እንደዘገየ ይይዛል፤ «እንዲህ ያለ ማውጫ ቢኖር ምን ያህል ይፈጥን ነበር?» ብሎ ማውጫውን ሳይሠራ በፊት ያሰላል፤ ካዋጣ ራሱ ይሠራዋል። ወር ሙሉ እዚህ ግባ የሚባል ጥያቄ ያልመጣበትን ማውጫ ደግሞ ያፈርሳል። ከማፍረሱ በፊት ግን ሰው ጠይቆ «እሺ» እስኪባል እንዲጠብቅ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ይህችን ነገር በልብዎ ይያዙልኝ፤ ጠቡ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አለቃዬን ኢንጂነር ነዋፍን ያስታውሱታል። ሥራ ስጀምር ቤት ድረስ መጥቶ «ልጅዎ እህቴ ናት» ያለዎት ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ፕሮግራሙን ዱባይ ወስዶ በትልቅ አዳራሽ በራሱ ስም አቀረበው። ተመልሶ ሲመጣ ጠየቅኩት። «እኔና አንቺ ምን ልዩነት አለን?» ብሎ ሳቀ። ያን ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ጽፌ ላክሁለት፦ ፕሮግራሙ በጾሙ ወር እንዳይማር፣ ምንም እንዳያፈርስ። ምክንያቱ ለእኛ ግልጽ ነው። በረመዳን ለጋሽ በስልክ አይጠራም፤ ሰው ካፈጠረ በኋላ መስጊድ ደጃፍ በሚቆሙት መኪኖች ይለግሳል፣ ማቀዝቀዣው ይሞላል፣ የቻለ ሁሉ ቀዶ ጥገናውን ለዒድ ማግስት ያቆያል። ለጋሽ በከተማና በደም ዓይነት የሚፈልገው ጥያቄ ወሩን ሙሉ ይተኛል። ፕሮግራሙ ይህን ሲያይ «ይሄ ማውጫ ለማንም አይጠቅምም» ይላል። ነዋፍ በጽሑፍ አልመለሰልኝም። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፦

«ሩባ፣ ጭራሽ ማሽኑንም ልታስጾሚው ነው?» አለኝ።

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እንዲህ ሲባል መሳቅ ለምዶብኝ ነበር። በማግስቱ ነዋፍ፣ ፕሮግራሙ ሰው እንዲጠይቅ ያደረግኩትን ቅንብር አጠፋው። ዱባይ ላይ «ያለ ሰው እጅ የሚሠራ» ብሎ ተናግሮለት ነበርና ቃሉን ለማስከበር ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ወደ መዝገቡ የሚገባው በእኔ ስም ነው። ስሠራው በራሴ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ከፈትኩት፤ የራሱ መግቢያ እንዲሰጠው ሁለት ጊዜ ጠይቄ ሁለቱንም ጊዜ «ይደርሳል» ተብያለሁ። እናም የረመዳን የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቢሮው ባዶ ሆኖ፣ የለጋሾቹን ማውጫ አፈረሰው። መዝገቡ «ፈጻሚ፦ ሩባ» ይላል።

የራሴን አልደብቅዎትም። በዚያች ሰዓት ከነጅላ ጋር የዒዱን የቴምር ብስኩት፣ ማዕሙሉን፣ እየሠራን ነበር። ስልኬ ጮኸ። እጄ በሊጥ ተለውሶ ስለነበር በክርኔ ገፋ አድርጌ «አንድ ማውጫ ተወግዷል» የሚለውን አነበብኩ። የትኛው እንደሆነ ከፍቼ አላየሁም። ከዒድ በኋላ አየዋለሁ ብዬ ቴምሩን መጠቅለል ቀጠልኩ። ይህችኛዋ የእኔ ናት። ሌላ ማንም አልፈጸማትም፣ ማንም ሊወስድልኝ አይችልም።

ከዒድ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ሆስፒታሎቹ ሁሉ ያቆዩትን ይዘው በአንድ ጊዜ መዝገቡ ላይ ወደቁበት። የመስጊዱ ደም በበዓሉ አልቋል። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሚሊዮኑን ረድፍ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመረ፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ከኋላው ተሰለፈ። ምን እንደጎደለ ያን ጊዜ አወቅኩ። ማውጫውን መልሼ ልሠራ ስል ነዋፍ ወንበሬን ከኋላ ይዞ፣ ዳይሬክተሩ ሳይመጣ ምንም እንዳልነካ ከለከለኝ። ሃያ ደቂቃ ያህል በዚህ አለፈ። በመጨረሻ ሳይፈቀድልኝ ጀመርኩት። ለመጠናቀቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ አሥራ አንዱንም ደቂቃ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ቆጠርኩ። ከወንበሬ ሳልነሳ ሁለት ገጽ አተምኩ። «እሺ» መጠበቁን ከረመዳን በፊት ያጠፋው ማን እንደሆነ የሚያሳየው መዝገብ ነው፤ እሱም በነዋፍ መግቢያ ነው። ሁለቱም ገጾች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፈዋል። ሌላ ቅጂ የለኝም።

ሴትየዋ ሂያም ትባላለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ የበኩር ልጇ ናት የተወለደችው። ሕፃኗ ደህና ናት። ሂያምም ተርፋለች፤ ደሙን ለማቆም ግን ማህፀኗን አውጥተውታል።

ሰኞ ዕለት ነዋፍና የኩባንያው ጠበቃ ጠሩኝ። ጠበቃው «ማውጫውን በራሴ ውሳኔ አፍርሻለሁ» የሚል ወረቀት አቀረበልኝ። አልፈርምም አልኩ። ነዋፍ ዓይኔን ሳያይ፦

«ስምሽ ነው የተጻፈው፤ እኔ ምን ላድርግሽ? ማሽን ይዋሻል እንዴ?» አለ።

ሲሠራ የእሱ ነበር፣ ሲያጠፋ የእኔ ሆነ ማለት ነው። ይህንኑ በፊቱ ነገርኩት። ኮምፒውተሬንና ስልኬን አስቀምጬ እንድወጣ አዘዙኝ።

እኔ አልፈርምም ስል ጠበቃው ረቡዕ ወደ አጎቴ መጣ። እንዴት እንደሚያግባቡ ያውቃሉ፣ አባቴ፤ ሰውየው ስለ ማውጫ አንድ ቃል አላወራም። ስለ ደም፣ ስለ ቤተሰብ ክብር፣ ስለ ሂያም ባል ወንድሞች ቁጣ አወራ። የእኛ ሽማግሌዎች ከኩባንያው ሰዎች ጋር ሆነው ሐሙስ ሸዋል አሥራ ሰባት ዘርቃ ሄደው ይቅርታ ቢጠይቁ፣ የቀረበላቸው የዕርቅ ቡና ቢጠጣ፣ ነገሩ ይዘጋል፤ ፖሊስም ፍርድ ቤትም የለም። አጎቴ በዚህ ተስማማ። ይቅርታ ለመጠየቅ መሄድ ጥፋቱ የእኛ ነው ብሎ በአደባባይ ማመን መሆኑን ከእኔ በላይ ያውቃል። ግን ይፈራል። በክፉ ዓይን አይዩት፤ ለእኔ ነው የሚፈራው።

ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ማንም ሳያየኝ በሚኒባስ ዘርቃ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት ፊቷን ካየሁ የማደርገው ይገለጥልኛል ብዬ ይሆናል። ክፍሏ በር ላይ ስደርስ ወደ ውስጥ መግባት አቃተኝ። አንዲት አሮጊት ሕፃኗን ታቅፈው ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ የባሏ እናት ናቸው። የሌላ በሽተኛ ጠያቂ መሰልኳቸው መሰለኝ፣ ሕፃኗን አሳዩኝ፣ «አፍንጫዋ የእኔ ነው፣ ምስኪን» ብለው ሳቁ። ከዚያ፦

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አሉኝ።

አባቴ፣ ስምዎን መጥራት አቃተኝ። «አምላክ ይማራት» ብዬ በደረጃው ሮጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ንቄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነጭ መኪና ከሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ሁለት ጊዜ ቆሞ አይቻለሁ። የሂያም ሰዎች ተከትለውኝ ይሁን፣ ኩባንያው ይሁን፣ ወይም ፍርሃቴ የሚያየው ተራ መኪና ይሁን መለየት አልቻልኩም። ነጅላ ዳቦ እንኳ ልግዛ ስል አትወጪም ትለኛለች።

ትናንት ከጁምዓ ሶላት በኋላ አጎቴ ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ገባ። ሻይ ይዤ በሩ ጋ ስደርስ አንደኛው፣ ሴት ልጅን ኮምፒውተር አስተምሮ ምን ሊገኝ ነበር ሲል ሰማሁ። ሁለተኛው፣ ትዳር ብትይዝ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር አለ። ሻዩን አስቀመጥኩና ከእነሱ ውስጥ ማውጫ ምን እንደሆነ የሚያውቅ እንዳለ ጠየቅኩ። ትልቁ ሽማግሌ ጺማቸውን እያሻሹ የመጽሐፍ መሆኑን ጠየቁኝ። እሱው ራሱ ነው አልኳቸው፤ ታዲያ ማን እንዳፈረሰው ሳትጠይቁ ይቅርታ ልትጠይቁለት ነው አልኩ። አጎቴ ፊቱ ደም መሰለ። ከሄዱ በኋላ ግን አልጮኸብኝም፤ አጠገቡ አስቀምጦ እንደ ሕፃን ሊያባብለኝ ሞከረ።

«ምን አስፈራሽ፣ የእኔ ልጅ? ስምሽን እንኳ አንጠራውም። ‹ልጃችን ተሳስታለች› ነው የምንለው። ሰው ፊት ስምሽ አይነሳም፣ ክብርሽ እንደተጠበቀ ነው።»

ለእሱ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። በሽምግልና ላይ የሴት ልጅ ስም አይጠራም፤ እኔም ያደግኩት ይህን ክብር ነው እየተባልኩ ነው። ትናንት ግን ሌላ ነገር ታየኝ። ነዋፍ ያጠፋው ጥፋት ላይ ስሜ ሲለጠፍ ማንም አላፈረም። ዱባይ ላይ ስሜ ሲቀር ማንም አልጠየቀም። አሁን እውነቱን መናገር የምችልበት አንድ ቦታ ላይ ስሜ ነውር ሆነ። እዚያ ተቀምጠው ቡና የሚጠጡት ሁሉ «ልጃቸው» ማን እንደሆነች፣ ምን ብላ እንዳስጠነቀቀች አይሰሙም። ሂያምም አትሰማም። የጠፋባት ነገር በማን እጅ እንደጠፋ ሳታውቅ «ታርቀናል» ተብሎ ይነገራታል። ነጅላ ኩሽና ውስጥ እጄን ይዛ፣ ወንዶቹ ይዋሹልሽና አንቺ ኑሪበት አለችኝ። አለቀሰች ደግሞ።

ማውጫው በጾም ወር መፍረሱ ብቻ አይደለም የሚያስፈራኝ። ፕሮግራሙ ዛሬም እየሠራ ነው። ያን ቅንብር መልሶ የሚያበራው ሰው የለም፤ ማብራት ስህተትን ማመን ይሆናላ። ሰዎች በሐጅ ሰሞን ይሄዳሉ፣ ልማዱ ይለወጣል፣ እሱም ሌላ ማውጫ «አይጠቅምም» ይላል። ሽምግልናው ነገሩን ከዘጋው ማንም አይመረምረውም። የሚቀጥለው ሰው ማን እንደሚሆን እያሰብኩ ነው የምውለው።

አሁን ከእርስዎ የምፈልገውን ልናገር። አጎቴ ያለ እርስዎ ቃል አንድ እርምጃ አይራመድም። «ረቡዕ አባትሽ ይደውላል፤ እሱ አይሆንም ካለ እኔ ጫማዬን አላጠልቅም» ብሏል። ጠበቃው ግን ከዚያ በፊት በራሱ ሊደውልልዎት ይችላል። በጣም ጨዋ ነው፣ ድምፁ የታናሽ ወንድም ድምፅ ይመስላል። ልጅዎ ከእስር እንድትድን ብለው አጎቴን «ሽማግሌዎቹ ይሂዱ» ሊሉት ይችላሉ ብዬ እሰጋለሁ። ስለሚወዱኝ ብለው እንዳያደርጉት ነው የምሰጋው። እባክዎ አጎቴን «አይሄድም» ይበሉት። ምክንያቱን ከጠየቀዎት ልጄ ነግራኛለች ይበሉት። ሁለቱን ገጾች ደግሞ ፎቶ አንስተው ለመምህርቴ ለዶክተር ሐናን ይላኩልኝ፤ የስልክ ቁጥሯ ከገጾቹ ጀርባ ላይ ተጽፏል፤ ምን ማለት እንደሆኑ ሳላስረዳት ይገቧታል። ዋናዎቹን አይጣሏቸው።

ፍርድ ቤት ሊጠሩኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ሊያስሩኝ ይችላሉ። ሥራ ላላገኝ እችላለሁ፤ በዚህች ከተማ ሁሉም አለቃ ሁሉንም አለቃ ያውቃል። ይህን ስጽፍ እንኳ የደረጃውን በር ሦስት ጊዜ ዞሬ አይቻለሁ። ደፋር ናት እንዳይሉኝ። ፈርቻለሁ፣ አባቴ፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ለግብፃዊው መምህር ለአቶ ሸፊቅና ለባለቤታቸው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ዒድን ብቻዎን ስላልተዉዎት አላህ ይስጣቸው። አብረውዎት ለሚኖሩት ለሱዳናዊው ለአቶ ባቢከር፣ ሳላቸው እንደተሻላቸው ተስፋ አለኝ ይበሏቸው። ለኡም ሰይፍ ልጅና ለሚስቱም እንዲሁ። ከዚህ ነጅላ ሰላም ትልዎታለች፤ ደብዳቤ እንደምጽፍ ባታውቅም በየቀኑ ስለምታነሳዎት ውሸት አይሆንብኝም። የአጎቴ ልጆች ሁሉም ደህና ናቸው፤ ትንሿ ሊን የፊት ጥርሷ ወልቆ በጣም ትኮራለች። አጎቴም ሰላም ይላል። ደብዳቤዬን ሲጨርሱ አይቆጡት።

ሂያምን በራሴ እግር ሄጄ፣ ስሜን ተናግሬ፣ ያጠፋሁትን ሳልቀንስ፣ ያላጠፋሁትንም ሳልጨምር ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ብትረግመኝ አንገቴን ደፍቼ እሰማታለሁ። ጥፋት ሲጻፍ ስሜ የሚጻፍበትን፣ እውነት ሲነገር ደግሞ ስሜ ለክብሬ ተብሎ የሚሸፈንበትን ኑሮ ግን፣ ከነዋፍም ይምጣ ከአጎቴ፣ ከእርስዎም ቢመጣ እንኳ፣ ከእንግዲህ አልቀበልም።

ልጅዎ ሩባ
ዐማን፣ ጀበል ጆፌ
ቅዳሜ፣ ሸዋል 12